ጥቁሩ ሳይታተም

ሒሳብ የሚያጠናውን ሥዕል፣ ሥዕል የሚያጠናውን ሒሳብ ሳያስቀምስ የማያስመርቅ ኮሌጅ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የኅትመት ጥበብ የምታስተምር ሴት ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ወይ አንገቷን ደፍታ ደሞዟን መብላት፣ ወይ እሳት መሆን። ተማሪዎቿ ከኋላዋ «እትዬ እሳት» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። እሷም ታውቀዋለች፤ እንዲያውም ትወደዋለች።

የዚያን ቀን ከስብሰባ ስትመለስ የማድረቂያው መደርደሪያ ባዶ ነበር። ተማሪዎቹ «ጭምቷ» የሚሏት ልጅ ሽርጧን ታጥቃ፣ ጥቁሩን ቀለም መደባለቂያው መስተዋት ላይ ዘርግታ፣ ሮለሩን እንደያዘች ከመደርደሪያው ፊት ተገትራለች።

«ቲቸር፣ ወረቀቶቼን እርስዎ አነሷቸው?»

«እኔ? እኔ ምን በወጣኝ!»

ወረቀቶቹ ስድስት ነበሩ፤ ሰባተኛ ደግሞ የለም። ሥራው እንዲህ ነው። አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ትንሽ ትቀርጽና በሁሉም ወረቀቶች ላይ ቢጫውን ታትማለህ። ያችኑ ሰሌዳ ጨምረህ ትቀርጽና በቢጫው ላይ ቀዩን፣ በቀዩ ላይ ቡናማውን ትደርባለህ። በየዙሩ እንጨቱ ይበላል፤ የተበላ አይመለስም። መጀመሪያ ስድስት ካተምክ ስድስት ነው፤ ንጉሥ ቢመጣ አንድ አይጨመርም። መጨረሻ ላይ በሰሌዳው ላይ የሚተርፈው ለጥቁሩ የሚሆነው መስመር ብቻ ነው።

ጭምቷ የምታጠናው ኢኮኖሚክስ ነው፤ የምትቀርጸው ግን የታላቅ ወንድሟን ፊት ነበር። ወንድሟ በሞተ በዓመቱ ቤታቸው ተቃጠለ። ፎቶ የሚባል አልተረፈም፤ ስልኩም አብሮ ነደደ። እናቷ ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን ፊት አላዩም። እሷ ከልቧ እየቀዳች ሙሉ መንፈቅ ስትቀርጽ የከረመችው፣ በተማሪዎች ዐውደ ርእይ ቀን እናቷ መጥተው እንዲያዩት ነው። የቀረው ጥቁሩ ብቻ ነበር። ጥቁሩ ማለት ደግሞ ዓይኑ፣ ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ጠርዝ ነው።

ትናንት ልታትም ስትል «ቡናማው በደንብ ይድረቅ፣ ምን ያስቸኩልሻል» ብላ የከለከለቻት መምህሯ ነች። ይህ ትዝ ሲላት ራሷን በጥፊ ማጠናገር አማራት። ግን ለራሷ ጥፊ ጊዜ አልነበራትም። ከእሷ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያለው ዲኑ ዘንድ ነው። ስብሰባውን የጠራው እሱ፣ ስብሰባው ላይ ያልተገኘውም እሱ።

ቢሮው ሳታንኳኳ ገባች።

«ወረቀቶቹስ?»

ዲኑ ብድግ አለ። ትሑት ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነት ትሕትና ደግሞ ከስድብ በላይ ያንገበግባል። «መምህርት! ልጠራሽ ስል መጣሽ። ኮሌጁን ሊረዱ የመጡት እንግዶች እንዴት እንደወደዱት! ለስድስቱም አንዳንድ ሰጠናቸው።»

«ሰጧቸው?»

«በጥሩ ጥቅልል አድርገን። ጠዋት ተሳፈሩ። ያ ዓይን የሌለው ሰው… ምን ዓይነት ዘመናዊ አስተሳሰብ ነው! አንደኛው እንግዳማ ስለ ዘመኑ ሰው ብዙ ይናገራል ብለው ደጋግመው አደነቁ።»

«ዓይን የሌለው ስላላለቀ ነው!»

«አላለቀም?»

«ጥቁሩ አልታተመም! ዓይኑ ገና ነበር!»

ዲኑ አገጩን አሻሸ። «እንግዲያው ምን ችግር አለው? ሰሌዳው አለ አይደል? ደግማችሁ ማተም ነዋ።»

ደሟ ፈላ። ስለ ሰሌዳው፣ ስለተበላው እንጨት፣ ስለ ወንድምየው ነገረችው። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ግን የሚሰማው የዝናብ ድምፅ እንደሚሰማ ሰው ነው። ወረቀቶቹን ያስመልሱልኝ ብትለው ዓይኑን አፈጠጠ።

«ስጦታ መልሱ ይባላል? ምን ይሉናል? ደግሞ ስለ ክፍል ሥራ እኮ ነው የምታወሪው። እኔ ያንቺ ክፍል እንዳይዘጋ ነው ላይ ታች የምለው።»

«ከሰው ላይ ቆርሶ መቸር ላይ ታች ማለት አይባልም!» ብላ በሩን ከኋላዋ አላተመችው። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ግድግዳ ጥግ ያዙ።

ስትመለስ ጭምቷን ሰሌዳውን በጣቷ ስትዳብስ አገኘቻት። ሁሉንም ነገረቻት፤ ምንም አላለሳለሰችም። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ይህም መምህሯን ይባስ አናደዳት። ምነው ብትጮህ! ምነው አንድ ነገር ብትሰብር!

«አዲስ ሰሌዳ እሰጥሻለሁ፤» አለች መምህሯ። «ሌሊትም ቢሆን አብሬሽ እሠራለሁ። እንደገና እንቀርጸዋለን።»

«አይሆንም ቲቸር። እየቀረጽኩ ነበር የማስታውሰው።» ድምፅዋ ቀነሰ። «አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ እንጨቱ ነው። እሱ አይደለም።»

መምህሯ ለዲኑ ያስቀመጠችው ስድብ ሁሉ አፏ ውስጥ ደረቀ። ከዚያ ልጅቷ ሮለሩን አንስታ ሰሌዳውን ቀለም አለበሰችው። ነጭ ወረቀት አኖሩበት፤ መምህሯ የማተሚያውን መሪ በንዴት ኃይል አዞረችው። ወረቀቱ ሲገለጥ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ቅንድብና አንድ የከንፈር ጠርዝ ነጩ ላይ ተንሳፈፉ። ሌላ ነገር አልነበረም።

«ይሰቀላል?» አለች መምህሯ።

«ይሰቀል። እናቴ መምጣታቸው አይቀርም።»

የዐውደ ርእዩ ዕለት እናትየው የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከሁሉ ቀድመው መጡ። አዳራሹ ገና አልሞላም። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ወስዳ ከሥዕሉ ፊት አቆመቻቸው።

«ዓይኑ ነው፤» አሉ እናትየው። «የኔ ጌታ፣ ዓይኑ ነው።»

ጣታቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ሳይነኩ በዓይኖቹ ዙሪያ ያለውን ነጭ ቦታ በአየር ላይ ዞሩት። ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

«የቀረውስ? ጉንጩስ? ግንባሩስ የት አለ?»

ጭምቷ አንገቷን ደፋች። ዲኑ ወዲያ ማዶ ከመምህራን ጋር ይሳሳቃል። መምህሯ ወደ እሱ ተራመደች፤ እጅጌውን ያዘች። ተማሪዎቿ እሳቱ ሊነሣ ነው ብለው ጠበቁ፤ እሷ ግን «ይምጡ» ብቻ ነው ያለችው። እየጎተተች አምጥታ ከእናትየው ፊት አቆመችው።

«እማማ፣ የቀረው የት እንደሄደ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

እናትየው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። «ጌታው፣ የልጄ ፊት እርስዎ ዘንድ ነው?»

ዲኑ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «እማማ… እንግዶች ነበሩን። ከሩቅ የመጡ ትልልቅ ሰዎች። በጣም ወደውት… ይዘውት ሄዱ።»

እናትየው ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ጠጋ አሉት።

«ውይ፣ እንግዶቹ ልጄን ያውቁት ነበር እንዴ?»

ዲኑ ወደ መምህሯ ዞረ። መምህሯ አላገዘችውም።