ከሽቦው ወዲያ አርባ ሜትር

ሌተሪያ ያን ቀን ጠዋት ጀልባ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዳለች። ሦስት ጊዜ! ፈርታ ነዋ። እናቷ የሰጠቻትን ዳቦ በቲማቲም አንዴ እንኳን ሳትገምጠው ለወደቡ ድመት ሰጥታ ነው የመጣችው። ምክንያቱም ዛሬ ካበላሸች አለቀ። ሚላን። አክስቷ ፀጉር ቤት። ክረምቱን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትጠርግ ልትውል።

ምን አጠፋች መሰላችሁ? ከሦስት ቀን በፊት ጥሩምባ ነፋች። ይኸው ነው ጥፋቷ!

ግን ቆይ፣ ጀልባዋን ያላየ ሰው ይሄ አይገባውም። ጀልባዋ የሰይፍ ዓሣ አዳኝ ናት፣ ስሟ ማሪስቴላ። ከመሃሏ ሠላሳ ሜትር የሚሆን የብረት ምሰሶ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ እዚያ ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ያለች መቀመጫ ውስጥ የሌተሪያ አባት ፕላቺዶ ተቀምጦ፣ ዓሣውን ከላይ እያየ፣ መሪውንም እዚያው ይዞ ይነዳል። አጠገቡ ሚኮ የሚባል ዓይነ ስል ሰውዬ አለ። ከጀልባዋ አፍንጫ ፊት ደግሞ አርባ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የብረት ድልድይ ባሕሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ከጀልባዋ ከራሷ ይበልጣል እኮ! የድልድዩ ጫፍ ላይ አጎቷ ኮላ ጦሩን ይዞ ይቆማል። ዓሣው ሞተሩን ሰምቶ ሳይሸሽ ኮላ ከላዩ ደርሶ ይወጋዋል።

እንግዲህ ቁጠሩ፣ ሦስት ወንድ፣ ስድስት ዓይን፣ ስድስቱም ውኃ ውስጥ። የመሲና ሰርጥ ደግሞ፣ መሲናንና ካላብሪያን የሚለየው ጠባብ ባሕር፣ መርከብ እንደ ዝንብ የሚርመሰመስበት ቦታ ነው። ወደ ካላብሪያ የሚያሻግሩ ወዲህ፣ ነዳጅ የጫኑ ወዲያ። ታዲያ መርከቡን ማን ይይ?

ሌተሪያ! የእሷ ሥራ ዓሣ አለማየት ነው። እውነት። ሁሉም ዓሣ ሲያይ እሷ ሌላ ሌላውን ታያለች። ይሄን ሥራ ያስተማራት አያቷ ባስቲያኖ ነው፣ ነፍሱን ይማር። «ጀርባሽን ምሰሶው ላይ አስደግፊና ቁሚ» ይላት ነበር፣ «ከዚያ ምሰሶውን ከያዙት ሽቦዎች አንዱን ምረጪ። መርከቡ ሽቦው ላይ ቆሞ እየተለቀ ከመጣ ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ወደ ኋላ ከሸሸ ከኋላሽ ያልፋል። ወደ ፊት ከሸሸ ከፊትሽ ያልፋል። ሁለቱንም እርሺያቸው።»

ከሦስት ቀን በፊት ነዳጅ የጫነ መርከብ ሽቦው ላይ ድርቅ ብሎ ቆመባት። ደነገጠችና ጥሩምባውን ነፋች። ለካ አባቷ ዓሣውን ተከትሎ ጀልባዋን እያዞረ ስለነበር ሽቦውም አብሮ እየዞረ ነው፣ መርከቡማ የት እና የት! ዓሣው ግን ጥሩምባውን ሰማ። በአሥራ አንድ ቀን የመጀመሪያው ዓሣ፣ ሁለት ሰው የሚያህል፣ ውልቅ ብሎ ጠፋ።

ኮላ በድልድዩ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። እሱ እዚያ ቀጭን ብረት ላይ ሲሄድ ሁሌም እጁን ኪሱ ከትቶ ነው፣ ጉረኛ።

«የኔ ቆንጆ» አላት፣ «ሠርግ አለ እንዴ ዛሬ?»

«አጎቴ፣ ይቅርታ፣ እኔ እኮ…»

«አይ፣ ጥሩ ነው የነፋሽው! ዓሣውም በጣም ወዶታል፣ ለዘመዶቹ ሊነግራቸው ሄዷል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አንጋጦ ለወንድሙ ጮኸ። «ፕላቺዶ! ልጅህ አንድ ጊዜ ከደገመች ወይ እሷ ትወርዳለች ወይ እኔ!»

አባቷ ከላይ ጀልባዋን ወደ ወደቡ አዞረ። ማታ ግን እራት ላይ ሰሃኑን እያየ፣ «አንዴ ነው የቀረሽ፣ ልጄ» አላት። «ከዚያ በኋላ ለእናትሽ የምመልሰው የለኝም።» እናቷም ወዲያው ስለ ሚላን ባቡር ማውራት ጀመረች።

ሌተሪያ ደግሞ ጀልባዋን ስትወድ! አንድ ቀን እዚያ ወፍ ጎጆ ውስጥ መቀመጥ ነው ሕልሟ። ከሁሉም በላይ የምትወደው ግን ኮላ ዓሣው ተጎትቶ ሲወጣ የሚያደርጋትን ነገር ነው። የዓሣው ጉንጭ አጠገብ በአራት ጥፍሩ ጭረት ያደርጋል፣ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ፣ መስቀል ይሆናል። ሳይጭርበት ማንም አይነካውም። ለምን ብትሉት «አባቴ ያደርግ ነበር» ነው የሚላችሁ፣ ሌላ የለም።

እና ዛሬ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ፀሐይዋ ከካላብሪያ ተራሮች በላይ ወጥታ ውኃው ላይ ትንጸባረቃለች፣ ዓይን ታጠፋለች።

«አለ!» አለ ሚኮ ከላይ፣ በሹክሹክታና በጩኸት መሃል በሆነ ድምፅ። «አለ፣ አለ፣ በቀኝ!»

ሌተሪያ እንዳታይ ራሷን ያዘች። አትይው፣ አትይው። አባቷ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰ፣ ዓሣ ሲገኝ ሁሌም እንደዚያ ነው። ጀልባዋ ወደ ሰሜን ቀጥ አለች። ዓሣው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሽቦዎቹ ዛሬ አይዋሹም። ጥሩ። ጥሩ ነው። ተንፍሺ።

ከዚያ በግራ በኩል አየቻት። ከመሲና የወጣች ነጭ አሻጋሪ መርከብ፣ መኪናና ሰው ጭና ወደ ካላብሪያ የምትሄድ። ሦስተኛው ሽቦ ላይ ናት።

ሌተሪያ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ ለጠፈች፣ እስኪያማት። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። መርከቧ ሽቦው ላይ ናት… ናት… ናት… ወይኔ አምላኬ። እጇ ወደ ጥሩምባው ሄደ። ያቺ ቀይ፣ ጣሳ የምታህል፣ ስትጫን ጆሮ የምትበጥስ ጥሩምባ። መለሰችው። ሚላን። ፀጉር። መጥረጊያ።

ቆይ! ተንቀሳቀሰች! መርከቧ ከሽቦው ትንሽ ወደ ፊት ሸሸች። አሁን ሽቦውና መርከቧ መሃል ሰማይ ይታያል። ወደ ፊት! ወደ ፊት ከሸሸ ከፊትሽ ያልፋል፣ እርሺው። ሌተሪያ ከደስታዋ የተነሳ ልትጨፍር ምንም አልቀራት። ልክ ነበረች! አልነፋችም! ጎበዝ፣ ሌተሪያ!

መርከቧም ጥሩምባ አልነፋችም። አትነፋም። በሰርጡ የሚሠሩ ካፒቴኖች ሁሉ አዳኝ ጀልባ ዓሣ ስትከተል ካዩ ዝም ብለው ነው የሚያልፉት፣ ዓሣው እንዳይሸሽ። ጨዋነት ነው፣ ከአያቶቻቸው የመጣ።

መርከቧ ቀረበች። የሰው ፊት መለየት ጀመረ። ኮፍያ ያደረገች፣ አይስክሬም የያዘች ሴትዮ፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን። እጃቸውን ያውለበልባሉ። ቱሪስቶች ሁሌ ያውለበልባሉ። ሌተሪያም በደስታዋ መልሳ አውለበለበች።

ከዚያ ዓይኗ ዝም ብሎ ድልድዩን ተከትሎ ሄደ። ጫፉ ድረስ። የኮላ ነጭ ኮፍያ።

ኮላ ጎንበስ ብሎ ጦሩን አንስቷል። ወደ ቀኝ ዞሮ ውኃውን ያያል፣ ጀርባውን ለመርከቧ ሰጥቷል።

ከፊቴ ታልፋለች፣ አለች ሌተሪያ በልቧ። አዎ፣ ከፊቴ። ግን ከፊቴ ማን አለ?

 አያቷ ባስቲያኖ ይሄን ዘዴ የተማረው ምሰሶዋ በሽቦ በታሰረ አጭር የመቅዘፊያ ጀልባ ላይ ነው! ይሄ ሁሉ ድልድይ ያኔ የለም! ሽቦው የሚነግራት መርከቧ ከሌተሪያ ፊት ማለፏን ነው፣ ከኮላ ፊት ማለፏን አይደለም። ኮላ አርባ ሜትር ወዲያ ነው። ካፒቴኑ ደግሞ ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታለች፤ ጀልባዋን ያያል፣ ምሰሶውን ያያል፣ በዚያ ሁሉ ብልጭልጭታ ላይ የተዘረጋውን ቀጭን ብረት ግን እንዴት አድርጎ ይየው?

«አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ሞተሩ ዋጠው። ሚኮ ግን የሆነ ነገር ሰምቶ ከላይ እጁን ነቀነቀላት፣ ዝም በይ። ዝም በይ፣ ደርሰናል።

ወደ መርከቧ ዞራ ሁለት እጇን አነሳች። ሂዱ! ዙሩ! ተመለሱ! እየዘለለች፣ ሸሚዟ እስኪገለበጥ። ሴትዮዋ ሳቀችና ኮፍያዋን አውልቃ አውለበለበችላት። ሕፃኑም በሁለት እጁ። ይባስ ብሎ ከላይ፣ ከካፒቴኑ ክፍል በረንዳ ላይ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ወጥቶ ሰላም አላት። ሰላም!

«ኧረ ሰላም አይደለም!» አለች ሌተሪያ እያለቀሰች። «ሰላም አይደለም እኮ!»

የባለፈው ጥሩምባ ትዝ አላት። ሠርግ አለ እንዴ ዛሬ? የአባቷ ሰሃን ትዝ አላት። ምናልባት ተሳስታ ይሆን? ምናልባት አሥር ሜትር ተርፎ ታልፍ ይሆን? ኮላ ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ፣ ሊወጋ ነው፣ በአሥራ አራት ቀን የመጀመሪያው…

ነፋችው።

አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ፣ አጫጭር አድርጋ፣ አያቷ እንዳሳያት፣ «የምትሠራው አልገባኝም» ማለት ነው፣ ባሕር ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያም አላቆመችም፣ በቃ ጣቷ አልላቀቅ አለ።

ውኃው ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ተገለበጠና ጠፋ። ኮላ በንዴት ዞረ። «አንቺ የ—» ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰም። አያት። ነጭ ግድግዳ ናት እኮ፣ የቤት ፎቅ የምታህል፣ ወደ እሱ የምትመጣ።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ባንዴ ነው። አባቷ ከላይ ቁልቁል ሲሳደብ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያጓራ፣ ጀልባዋ ስትንቀጠቀጥ፣ ድልድዩ ቀስ፣ ቀስ፣ በጣም ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሲዞር። መርከቧም ጮኸች፤ ያ ከባድ ጥሩምባ የሌተሪያን ጥርስ አንቀጠቀጠው። መርከቧ አፍንጫዋን አዞረች። በረንዳው ላይ ያለው ሰውዬ ከእንግዲህ እጁን አያውለበልብም። ሕፃኑን አባቱ ከትከሻው አወረደው።

ኮላ ጦሩን ጣለና ድልድዩ ላይ በሆዱ ተኝቶ ብረቱን አቀፈ።

ነጩ ግድግዳ አለፈ። አለፈ። አያልቅም! የመርከቧ ማዕበል መጣና የድልድዩን ጫፍ ከነኮላ ዋጠው። ሌተሪያ መቁጠር ጀመረች፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ድልድዩ ከውኃው ወጣ። ኮላ ላዩ ላይ ነበር። ያለ ኮፍያ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን ብረቱን አቅፎ።

ሌተሪያ ወደ ጎን ዞራ አስመለሳት። ምንም አልበላችም፣ ውኃ ብቻ ነው የወጣው።

መርከቧ ራቅ ብላ ቆመች፣ የአባቷ ሬዲዮን ከላይ ይንጫጫል፣ ካፒቴኑ «አላየሁትም፣ በማርያም፣ ብረቱን አላየሁትም» ይላል ደጋግሞ።  አባቷ ከወፍ ጎጆው አልወረደም። ሚኮ ነው ወደ ታች የጮኸው፦ «ልጅት፣ አባትሽ ትንሽ ይቆያል! እግሩ እምቢ ብሎታል!»

ኮላ መጣ። እጁ ኪሱ ውስጥ አልነበረም። በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ነው የመጣው፣ አርባውን ሜትር ሙሉ፣ አንዴም ቀና ሳይል። ሲደርስ ፀጉሩ ላይ ማዕበሉ ያላጠበው የሆነ ሮዝ ነገር ተለጥፏል። አይስክሬም። የሴትዮዋ አይስክሬም! ይሄን ያህል ነው የቀረበችው፣ ከላይ ከእጇ ሲወድቅ እሱ ላይ እስኪያርፍ።

ማንም አልሳቀም።

«ጥሩምባው የታለ?» አላት።

ባሕር ውስጥ ሊወረውረው ነው፣ አለች በልቧ። ሰጠችው። 

«አጎቴ፣ ዓሣው ሄደ» አለችው። «እኔ… ወደ ፊት ሸሽታ ነበር እኮ፣ አያቴ እርሺው ብሎኝ ነበር፣ ግን አንተ ወዲያ…»

«ሽቦውን ከየት ሆነሽ ነው የምታዪው?»

«ከምሰሶው ሥር።»

ኮላ ምሰሶውን አየ፣ ከዚያ ድልድዩን እስከ ጫፉ አየ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቆሟል።

«ማናችንም አላሰብነውም» አለ፣ ለእሷም ለራሱም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ። «እኔም አላሰብኩት። የምቆመው እኔ።»

የጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና በአራት ጥፍሩ ቀዩን ቀለም ጫረው፣ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ። ቀለሙ ጥፍሩ ውስጥ ገባ። መለሰላት።

«የዛሬው ዓሣችን ይሄ ነው። ለእናትሽ አሳዪያት፣ ሚላንን ትርሳው።»

ሌተሪያ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሁለቱንም። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደገፈች። በቀኝ፣ ከካላብሪያ በኩል፣ ሌላ መርከብ ወጥታለች። ሁለተኛው ሽቦ ላይ ናት።

«አጎቴ» አለች፣ «እባክህ ለጊዜው ወደ ጫፉ አትመለስ።»

«ወዴት ልመለስ?» አለ ኮላ። «እግሬ የት አለና።»