ብረቱና ክኒኑ

ሴትየዋ ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ለቅሶ ቤቱ ገባችና ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ስታይ እንባዋ ቀጥ አለ።

«አንተ ነህ እንዴ ያለኸው?»

«አለሁ» አላት፣ መድኃኒት ስለማይለየው ሰፈሩ «ክኒኑ» የሚለው ሽማግሌ። ምን ይበል? በሦስት ቀን ውስጥ አራተኛዋ ናት። «ከመንታዎቹ ልብስ ሰፊዎች አንዱ ሞተ» ሲባል ሰው ሁሉ ያለቀሰው ለእሱ ነበር።

አይፈረድባቸውም። አንድ ቀን ተወልደው፣ አንድ ጡት ጠብተው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ላይ «ብረቱ» የሚባለው ወንድሙ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ፣ ክኒኑ ስኳሩንና ደም ግፊቱን ይዞ ታች ያለከልክ ነበር። «አይዞህ፣ እኔ ቀብሬህ ነው የምሞተው» እያለ ይስቅበት ነበር ብረቱ። ክኒኑ በዚያ ቀልድ ተጽናንቶ ኖሯል። አሁን ቀልደኛው ቀድሞ ሄደ፤ እሱ ደግሞ ፈራ። «ብረቱ እንዲህ ከሆነማ ይሄኛው...» ብሎ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰምቶ የቀረውን በልቡ ጨረሰው።

ደግሞ ጣቶቹ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ የግራ እጁ ደንዝዟል። በወንድሙ ለቅሶ ላይ የራስን ሕመም ማውራት ነውር መስሎት፣ ካልተናገሩትም የሚጠፋ መስሎት ዝም ብሏል።

የወንድሙ ሚስት ሻይ ሰጥታው አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ወር ሙሉ መርፌው ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። መኝታ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ። ‹ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ለክኒኑ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል› ይለኝ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ሐኪም የእሱ ነው፣ እኔ ምን ሆንኩና?› ይላል። እኔም ዝም አልኩ።»

ክኒኑ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሱ ዕድሜ ልኩን በተቀደደ ቁጥር እየተጣፈ ኖረ፤ የብረቱን ስፌት ግን ሲተረተር ከሚስቱ በቀር ያየለት ሰው አልነበረም።

ኮቱ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ብረቱ «ነገ እሰፋልሃለሁ» ብሎት ነበር። ክኒኑ ከኪሱ መርፌና ክር አወጣና ሞከረ። ክሩ ቀዳዳውን ሳተ። ደግሞ ሳተ። ዓይኑ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ፤ ተነስቶ ገብቶ መዝጋት ይችላል።

«እህቴ» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ክር አስገቢልኝ። እጄ ከጠዋት ጀምሮ ደንዝዟል። ፈርቻለሁ።»

 እሷ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ አስገባችው። መርፌውን ግን አልሰጠችውም። ብረቱ ሁልጊዜ ይሰካው እንደነበረው ኮሌታው ላይ ሰካችለት፤ ከዚያ ክንዱን ይዛ አስነሳችውና ወደ ውጭው በር ወሰደችው።