የባንግ ግራጫ ድመት

«በሩን ዝጉት! ድመት ገባች!»

ጎረቤቷ ፒልናም ጭልፋ እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች። ለቀስተኞቹ የሩዝ ጠላቸውን አስቀምጠው ተነሡ። የማልሱን አማት፣ ሽማግሌው ባንግ፣ ከሞቱ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ የሬሳ ሳጥናቸው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጧል። ድመት በላዩ ከዘለለች ሬሳ ይነሣል ይባላል። የማያምንም ሰው በሩን ይዘጋል።

ማልሱን ድመቷን አወቀቻት። በሚያዝያ አማቷ በጆንያ ይዘዋት ሁለት ተራራ ተሻግረው ጥለዋት የመጡት ግራጫዋ ናት። ከስታለች፤ አንድ ጆሮዋ ተቀዷል። ዳሬ ከሚባለው ሐረግ ጉቶ ሥር ቁጭ ብላ የሬሳውን ክፍል በር ታያለች።

«ሟቹ ናቸው የጠሯት፣» አለች ፒልናም። «ሐረጋቸውን አድርቃባቸው የለ?»

«ለድመት መጥሪያ የሚልክ ሬሳ የት አየሽ?» አሏት አንድ ሽማግሌ የሚጫወቱበትን ካርታ ሳይጥሉ።

ሰዎቹ ሳቅ አሉ። ማልሱን ግን ዓይኗን ከጉቶው አላነሣችም።

ባንግ ከጫካ ቆፍረው ያመጧቸው የዳሬ ሐረጎች ሁለት ነበሩ። አንዷ በየመስከረሙ አውራ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ ታንዠረግጋለች፤ የመጀመሪያዋን የበሰለች ፍሬ ባንግ ለልጅ ልጃቸው ለያንግሚ ያጎርሷታል። ሌላው አብቦ ይረግፋል እንጂ አፍርቶ አያውቅም። ክብደቱ ግን የእንጨቱን ዳስ አጉብጦታል። ያንግሚ ከሥሩ በተጫወተች ቁጥር ማልሱን ዳሱ ሲወድቅ፣ ልጇ ስትቀበር በዓይኗ ይታያት ነበር። መጋቢት ላይ ሰው ሳይኖር ሐረጉን ከሥሩ በመጋዝ ቆረጠችው።

ባሏ ዶክሱ «ማን ነው የነካው?» ብሎ ሲጮኽ፣ «ድመቷ ሥሩን ቆፍራ አድርቃው ነበር፤ እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አለች። ጉቶው ግን አምስት ቀን ሙሉ ውሃ አነባ። ጠብ፣ ጠብ።

በሰኔ የቀረችው ሐረግ አበበች፤ አንድም ፍሬ አልያዘችም። «ምን ሆና ነው?» ስትል ያንግሚ ጠየቀች። «ባሏ ሞቶባት» አሏት አያቷ ባንግ። ማልሱን ከግድግዳው ወዲያ ሰማች።

ባንግ ካረፉ ወዲህ ያ ጠብታ ከጆሮዋ አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያንግሚን ትኩሳት ያዛት። ነገ ሬሳው ሳይወጣ ካልተናዘዘች ሟቹ ልጇን ይዘዋት እንደሚሄዱ ለማልሱን ጥርጥር የለውም።

ዶክሱ ዱላ አንሥቶ ወደ ድመቷ ሮጠ።

«ተው!» ማልሱን መሐል ገባች። «እሷ አልነካችውም! ሐረጉ ደህና ነበር። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ወንዱ መሆኑን ሳላውቅ። አባባን ዋሸኋቸው።»

የዶክሱ ዱላ በአየር ላይ ቀረ።

«አስቀምጠው» አሉት እናቱ ከበሩ ላይ። ወደ ማልሱን ዞሩ። «እሳቸውማ ያውቁ ነበር ልጄ። የደረቀ እንጨት አምስት ቀን ውሃ ያፈስሳል?»

«ታዲያ ድመቷን ለምን...»

«ይኼ ባልሽ ነገሩን እንዳያጠብቅብሽ፣ ጥፋቱ የድመቷ ሆኖ እንዲቀር ብለው። አሥራ ሁለት ዓመት እግራቸው ሥር የተኛች ድመት ናት፤ ጥለዋት የመጡ ቀን እራት አልበሉም።»

«ምነው ቢነግሩኝ፣ እማማ?»

«አንቺ ትነግሪኛለሽ ብለው ነዋ! ሲጠብቁሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ሲያዩሽ ትሸሺያለሽ።»

ማልሱን ጎንበስ ብላ ድመቷን አነሣቻት።

በማግሥቱ ጠዋት የያንግሚ ትኩሳት አልለቀቃትም ነበር። ሬሳው እስኪወጣ ድመቷን ራቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው ተፈለገ። ማልሱን ለማንም አልሰጥም አለች። ሌሎቹ ለስንብት ከሳጥኑ ፊት ሲሰግዱ እሷ ከሐረጉ ዳስ ኋላ ብቻዋን ቀረች።

ከሬሳው ቃሬዛ ፊት የሚደወለው ደወል ተሰማ። ተንበረከከች። በግራ ክንዷ ድመቷን ከቃጫ የሐዘን ልብሷ ጋር አጣብቃ፣ አንድ መዳፏን መሬት አስደግፋ፣ ግንባሯ አፈሩን እስኪነካ ሰገደች። ደወሉ ርቆ እስኪጠፋ ቀና አላለችም።