የእሁድ አይጥ

«ይሄን ነገር ከዚህ አንሳው፤ ሰው ሻይ የሚያስቀምጥበት አጣ እኮ» አለች እህቱ።

እሱ ግን የአባታቸውን አሮጌ የቤት ስልክ ገልብጦ የሆዱን ብሎኖች ማላላት ጀምሯል። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ የጥርስ ብሩሽ፣ ካቻቢቴና በሳሙና ውኃ የራሰ ጨርቅ ደርድሯል። አባታቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀን ነው። ከየጎረቤቱ የመጣ ወንበር ሳሎኑን ሞልቶታል፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይገባል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ይወጣል።

«ከፎቷቸው አጠገብ ይቀመጥ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እትዬ።»

«አጽዳው አልኩ እንጂ በትነው አልኩ?»

«ሳይፈታ አይጸዳም።»

«ተይው» አሉ ጥግ የተቀመጡት ፀጉር አስተካካይ። ሱቃቸው ከአባትየው የልብስ ስፌት ጋር አርባ ዓመት ግድግዳ ተጋርቷል። «ብሎን አይደል እንዴ። በስድስት ዓመቱ የእኔን ወንበር ፈታታና ደንበኛዬን ከነአረፋው መሬት ላይ አስቀመጠልኝ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ለምን እንደተሰበሰበ ትዝ ብሎት ወደ ሻዩ አቀረቀረ።

ብሎን ብለው ስም ያወጡለት አባቱ ናቸው። ያኔ በኩራት ነበር። ኋላ ግን የስፌት መኪናውን አልረከብም፣ ስልክና ሬዲዮ መጠገን ነው የምፈልገው ያለ ዕለት ስሙ ከአፋቸው እንደ ስድብ ወጣ። እናቱ ከሞተች ሁለት ወር አልሞላም፤ ሁለቱን የምታስታርቅ እሷ ነበረች። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ለእህቱ «እሁድ እሁድ እደውላለሁ በያቸው» አላት።

ደወለም። በተከራየው ክፍል ስልክ ስላልነበረ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሕዝብ ስልክ ተራ ይይዛል። በጆሮው ይጠራል፣ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። እህቱ ነርስ ስለሆነች እሁድ ተረኛ ነበረች፤ አባቱ ግን ቤት እንደሚውሉ ያውቃል። ሰባት እሁድ ደወለ። በስምንተኛው ተራ ሊይዝ አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ ለእህቱ ሠርግ መጣ፤ አባቱ ሲታመሙም መጣ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲሱ መነጽራቸው አወሩ። ለምን አላነሱም ብሎ አልጠየቀም። እሳቸውም ምንም አልጠየቁትም። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አሁን ጥያቄው አለ፤ መላሹ የለም።

የመደወያውን ክብ አወጣ። የጣት ቀዳዳዎቹ ጠርዝ በላብ ብዛት ጠቁሯል፤ በብሩሹ እየዞረ አሸው። ከሥሩ ያለው ሞላ በክር ብናኝ ታፍኗል። የልብስ ሰፊ ቤት ስልክ ነውና አቧራው እንኳ ባለቀለም ነው፦ የተማሪ ሰማያዊ፣ የሙሽራ ነጭ፣ ማንም የማያስታውሰው ቀይ። በወረንጦ አንድ በአንድ ለቅሞ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሰጠው። ዘጠኝን አዙሮ ሲለቀው ትርርር ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ተመለሰ።

«አባትህ ሁሌ ይወለውለው ነበር» አሉ ፀጉር አስተካካዩ። «ግን ከውጭ ብቻ። ‹ውስጡ የብሎን ነው፤ የሰው ሥራ አልነካም› ይላል። እሱስ ቢሆን መቀሱን ማን ነክቶበት ያውቃል?»

«መስመሩ ከተቆረጠ በኋላም?»

«ከተቆረጠ በኋላም። ያኔ እንደሄድክማ፣ መስመሩ ገና ሳይቆረጥ፣ እሁድ እሁድ ዳማ ልንጫወት እመጣለሁ፤ ሬዲዮውን ያጠፋል። እጀታውን አንስቶ ያዳምጥና ‹መስመሩ ደህና ነው› ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ አንዴ ዳማውን፣ አንዴ ስልኩን ያያል። ሳልሰርቅ ያሸነፍኩት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው።»

ወረንጦውን አስቀመጠ።

«ደውዬ ነበር» አለ። «ሰባት እሁድ።»

እህቱ ብርጭቆ መሰብሰቧን አቆመች። «ይደውላል ብዬ ያስጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። አፍሮ ነው ብዬ አንድም ቀን ሳላነሳብህ ኖርኩ። አሁን እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ምን ያስዋሽሃል?»

«አልዋሸሁም፣ እትዬ።»

ፀጉር አስተካካዩ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉ።

«እኔ የማስታውሰው እንግዲህ አይጧን ነው» አሉ። «እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚያ መደርደሪያው ጋ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። ‹አይጥ ናት› አለና ወጥመድ ገዛ። በሌላ ቀን ዝር አትልም። እሁድን ለይታ የምታውቅ አይጥ እያልኩ ስንቱን ደንበኛ አስቄበታለሁ። ሁለት ወር ያህል ተመላለሰችና ጠፋች። ዳቦውን በአይብ ብንለውጥላትም ቀረች።»

አሁን ሰዉ ደህና አድርጎ ሳቀ። እህቱም በመዳፏ አፏን ሸፈነች።

እሱ አልሳቀም። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ፣ ስልኩ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆየ። ከዚያ የመጨረሻዋን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን አነሳ።

በሁለቱ ደወሎች መካከል፣ ትንሿ መዶሻ በምትወዛወዝበት ቦታ ላይ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ግራጫ የኮት ገበር ተወትፏል።

እጥፋቱን ያውቀዋል። እናቱ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእንቅልፏ እየባነነች ትንቀጠቀጥ ነበር። አባቱ ሱቅ በዋሉበት አንድ ቀን ከቁርጥራጭ ቅርጫታቸው ይህቺን ጨርቅ አውጥቶ እዚህ ሸጎጣት፤ ብሎኖቹን አጠበቀ። «አሁን ያንሾካሹካል እንጂ አይጮህም» አላት። እናቱ «ተባረክ» አለችው። ስትሞት አልጋው ወጣ፣ መድኃኒቱ ተጣለ። ጨርቋ ተረስታ ቀረች።

በሰው ስልክ ላይ ይህን ቢያገኝ ይስቅበት ነበር። ስንት ደንበኛ «ስልኬ አይጠራም» ሲለው መጀመሪያ የሚያየው እዚህ ጋ አይደል?

እህቱ ከትከሻው በላይ አጎንብሳ ቆማለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ ነኝ የሸጎጥኩት» አለ። «እማማ እንዳትባንን ብዬ።»

ጨርቋን አየች፤ ደወሎቹን አየች፤ ከዚያ መደርደሪያውን። ፀጉር አስተካካዩ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ጨርቋን ጎትቶ አወጣት። ሁለቱንም ደወሎች በሳሙናው ጨርቅ ወለወላቸው። ከዚያ መዶሻዋን በጥፍሩ መታ አደረጋት። ድምፁ ጥርት ብሎ ሳሎኑን ሞላው፤ ከበር ውጭ የቆሙት ሳይቀሩ ዘወር አሉ።

እህቱ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ሄዳ ሰው ያልተቀመጠባት የአባታቸው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጀታውን ከነገመዱ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

መታ። አንዴ። ቆይቶ ሁለቴ። በሦስተኛው እጀታውን አነሳችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።