በሐር የተፈተነ መዳፍ

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን አክስቴ በሰው ፊት፣ «ይኸው ሲጋራውንም ትቶ ሞተ። ምን ጠቀመው?» አለች። ታላቅ እህቱ ናት፤ አፏ አያርፍም። መልሼላታለሁ። መልሴ እንዲገባ ግን ከመነሻው ልናገር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መዳፉን ሶርያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ይዞት ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቅርፊት አወጣ። ሱፍ ቻለው፤ ሐር ግን ቅርፊቱ ላይ እየተያዘ ክሩ ይመዘዝ ጀመር። የሙሽራ ቀሚስ የሚያሰፉት አንድ በአንድ ሸሹት። ሱሪ ማሳጠር ብቻ ቀረለት፤ እሱን ደግሞ «የቁም ሞት» ይለው ነበር።

የሰፈራችን ፋርማሲስት፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት፣ ቅባቱን ስታቀብለው «ጋሼ፣ ያጨሳሉ?» አለችው።

«ቅባት ልገዛ እንጂ ልመረመር መጣሁ?»

«ቅባቱን አልከለክልዎትም። ግን ጭሱ በሽታውን እየቀሰቀሰው ቅባቱ ብቻውን ምን ያድርግ? ደግሞ ይሄ ቅባት የነካው ጨርቅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ሐሩን ጭምር ነው የማስበው።»

ስለ ሳንባው ቢነግሩት ይስቅ ነበር። ስለ ጨርቁ የነገረው ግን እስከዚያ ቀን ማንም አልነበረም።

ለሲጋራ አምሮቱ ክንዱ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ሰጠችው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐር ቁራጭ ይዞ እንዲመጣም ቀጠረችው፤ መዳፉ ላይ እየጎተተች የሚይዝበትን ቦታ አብረው ያያሉ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሐሩ ሸርተት ብሎ አለፈ። አባቴ ደረቱን ነፋ። እሷ መዳፉን ወደ ብርሃን አዙራ፣ «በምንድን ነው የሞረዱት?» አለች።

«በብርጭቆ ወረቀት።»

«ሲፈገፈግ ይብስበታል፣ ጋሼ። እኔ ፈታኝ አይደለሁም። ስንት አጨሱ?»

«ሁለት።»

«መቼ?»

«እህቴ መጥታ ስትጨቀጭቀኝ።»

«እንግዲያው እሷ ስትመጣ እርስዎ ወደዚህ ይምጡ።»

ከዚያ በኋላ አክስቴ በፊት በር ስትገባ አባቴ በጓሮ ይወጣ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለችው ወንበር የእሱ ሆነች።

ሲጋራውን ተወ። መዳፉ የሕፃን መዳፍ አልሆነም፤ አልፎ አልፎ ይነሳበት ነበር። ሐሩ ግን መያዝ ተወ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሙሽሮች አሰለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ስፌት መኪናው ፊት እንደተቀመጠ፣ ልቡ ቆመ።

ምን ጠቀመው አይደል ያለችው? ተነስቼ ከመኪናው ላይ ያላለቀውን ቀሚስ አመጣሁና ጭኗ ላይ ዘረጋሁት።

«እትዬ፣ አንዲት የተመዘዘች ክር ፈልጊልኝ። ካገኘሽ አልጠቀመውም እላለሁ።»

መነጽሯን አደረገች። እጅጌውን አየች፤ አንገቱን አየች፤ ገልብጣ ውስጡን ሁሉ አየች። ለቀስተኛው ጠበቃት። ጥግ የተቀመጠችው ፋርማሲስት አንገቷን ደፍታ ነበር።

አክስቴ ቀሚሱን ቀስ ብላ አጣጠፈችው።

«ታዲያ ማን ይጨርሰው?»

«እኔ» አልኳት፤ ከእጇም ተቀበልኳት።