አትሳቁ ያነሳው ፎቶ

ፎቶ አንሺውን የሰፈሩ ሰው «አትሳቁ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የመጣውን ሁሉ በርጩማ ላይ እያስቀመጠ «አገጭ ቀና፣ ወደዚህ፣ አትሳቁ» ሲል ኖሮ ስሙ ሆኖ ቀረ። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በየዓመቱ ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ለሚዘጋጀው የፎቶ አውደ ርዕይ የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ያስገባል፤ በየዓመቱ ይመለስለታል። አንድ ፎቶው እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢያይ ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር።

ዘንድሮ ሚስቱ ተመረጠች።

ሚስቱ! በር ላይ ተቀምጣ ተራ የምትመዘግበው ሚስቱ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ! ያነሳችው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእሱኑ ደንበኞች። ካሜራው ቀጭ ካለ በኋላ ሰው ሁሉ የያዘውን ትንፋሽ ይለቃል፤ አንዱ ትከሻውን ይጥላል፣ አንዱ ራሱን ያካል፣ አንዷ ብቻዋን ትስቃለች። እሷ ያቺን ሰዓት ጠብቃ ታነሳና «ላስቀምጠው?» ብላ ታስፈቅዳቸዋለች። እሱ በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ አቀርቅሮ ያነሳውን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት፣ አፍንጫው ሥር!

ቅናት አንጀቱን አሳረረው። ሳምንት ሙሉ ካሜራውን አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ ዞረ። ድመት አነሳ፣ የተሰጣ ልብስ አነሳ። ዣንጥላዋ የተገለበጠባትን አንዲት ሴትዮ ሊያነሳ ሲል፣ ሴትዮዋ አየችውና አገጯን ቀና አድርጋ ድርቅ ብላ ቆመችለት። ለካ ደንበኛው ኖራለች።

ሲመለስ ሚስቱ ጠበቀችው።

«ከፎቶዎቹ ጎን የሚሰቀል የራስሽን ፎቶ አምጪ ብለውኛል። አንሳኝ።»

«ስልክሽ ምን ሆነ?»

«ኧረ በፈጠረህ! ባሌ ፎቶ አንሺ ሆኖ?»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። መብራቱን ከአናቷ በላይ ሰቀለው፤ ከዓይን ሥር ጥላ እንደሚጥል አሳምሮ ያውቃል። «አገጭ ቀና። አትሳቂ።» ቀጭ። ቆንጆዋን ሚስቱን ፖሊስ የሚፈልጋት ወንጀለኛ አስመሰላት። ደስ አለው።

እሷ ትንፋሿን ለቀቀችና አየችው። «ተናደሃል አይደል?» አለችው ፈገግ ብላ፤ ገና ሳይጋቡ ታየው እንደነበረው። እሱ ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጎት ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» አለ ካሜራውን መልሶ እያነሳ። እሷም ወዲያው አገጯን ቀና አድርጋ ደረቀች።

«ሳቂ እንጂ!»

«ያንተ ካሜራ ፊት? እምቢ አለኝ» አለችው፣ እንደደረቀች።

አውደ ርዕዩ ሲከፈት ሰው ፎቶዎቿን እየሳቀ አየ፤ መጨረሻ ላይ የራሷ ፎቶ ዘንድ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። «ታማ ነው እንዴ?» አለች አንዷ። አትሳቁ ጠጋ ብሎ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አነበበ፤ «ፎቶ፦ ባለቤቷ»።

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ለምኜ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። «ይኸው፣ ያንተም ተሰቀለ።»