የገዳሪፏ መምህርት

ሒክማ አብዱልጀሊል የሞባይል ጥገና የተማረችው ፊቷን አንድም ቀን ካላየቻት ሴት ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳታመጣ ስለቀረች፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ባለው የአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ መዋል ጀመረች። አባቷ አብዱልጀሊል ንግድን ከአባቱ የወረሰ፣ በቃሉ የታመነ፣ ብዙም የማይናገር ሰው ነው። ልጁ ጨርቅ ስትለካ ማየት ደስ ይለው ነበር። የእሷ ልብ ግን ጨርቁ ላይ አልነበረም።

አንድ ቀን የእናቷ የዙበይዳ ስልክ ቻርጅ አልቀበል አለ። አንድ ጠጋኝ ከፍቶ አየውና አይሠራም ብሎ መለሰላቸው። ሒክማ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ኢንተርኔት ላይ መላ ስታፈላልግ አንድ ቪዲዮ አገኘች። የሚታዩት ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። ጣቶቹ ሂና የተቀቡ፣ የግራ ቀለበት ጣቱ ትንሽ የጎበጠ፣ የሴት እጆች። ባለቤቲቱ ስልክ እየፈታታች በዐረብኛ ቀስ ብላ ትናገራለች። ሲት ነፊሳ ይሏታል፤ ሲት በሱዳኖች አነጋገር እመቤት እንደ ማለት ነው። ከመተማ ማዶ፣ ገዳሪፍ ከተማ ነው የምትኖረው።

ሒክማ ዐረብኛ ፊደል የቆጠረችው ቁርኣን ቤት ነው። ማንበቡን ትችላለች፤ የሱዳኖቹ ንግግር ግን ይጠፋባታል። አባቷ ደግሞ በወጣትነቱ ገዳሪፍ ድረስ እየተመላለሰ ነግዷል፤ ቋንቋቸውን እንደራሱ ይናገረዋል። ስለዚህ ለምን እንደሆነ ሳትነግረው ቃል በቃል ትጠይቀው ጀመር።

"አባ፣ ካውያ ምንድን ነው?"

"ልብስ መተኮሻ ነዋ። እኛም ካውያ አይደል የምንለው?"

ሒክማ ግራ ገባት። ስልክ እንዴት በልብስ ካውያ ይጠገናል? በማግስቱ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ደግማ ጠየቀችው። አባቷ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠና ምነው፣ ምን ፈልገሽ ነው አላት። መደበቁ ስላላዛለቃት ስልኳን አውጥታ አሳየችው። አብዱልጀሊል መነጽሩን አድርጎ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ሰማ።

"መበየጃ ማለቷ ነው" አለ። "በእሳት የሚተኩስ ነገር ሁሉ በእነሱ አፍ ካውያ ነው።" ቆየት ብሎም፣ "አነጋገሯ ሸጋ ነው። የጨዋ ልጅ ናት" አለ።

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አብረው መቀመጥ ያዙ። እሱ ይተረጉማል፣ እሷ ትጽፋለች። የእናቷን ስልክ በሦስተኛው ሳምንት አስነሳችው። ቀጥሎ የጎረቤት ስልክ መጣ፤ ከዚያ የጎረቤት ዘመድ። ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ከጨርቁ ይልቅ በጥገናው ይታወቅ ጀመር።

አብዱልጀሊል ግን የሰው ወሬ ይፈራ ነበር። ሴት ልጁ መንገደኛ በሚያያት ቦታ ተቀምጣ መበየጃ ስትይዝ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ ሱቁን በወፍራም መጋረጃ ለሁለት ከፈለው። ስልኩን ከደንበኛ ተቀብሎ ወደ ጓዳ የሚያስገባው እሱ፣ ሲያልቅም የሚያስረክበው እሱ ሆነ። ብዙ ሰው ከጀርባ ወንድ ባለሙያ የቀጠረ ይመስለው ነበር። ሒክማ ይህን ስትሰማ ቅር ይላት ነበር። ቢሆንም አባቷ ከሌሎች አባቶች ይልቅ ብዙ እንደፈቀደላት ታውቃለች።

ከሲት ነፊሳ ጋር የተገናኙት በጽሑፍ ነው። ሒክማ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ከቪዲዮዎቹ ሥር ጥያቄ ትጽፋለች፤ ሴትዮዋ ሳትሰለች ትመልሳለች። ጎንደር እንደምትኖር ስትነግራት "ልጄ" እያለች ትጠራት ጀመር። አንድ ጊዜ ሒክማ ፊቷን ለምን እንደማታሳይ ጠየቀቻት። ወንድሜ አይወድም፣ እጄ ግን ይበቃል ብላ መለሰችላት። ሒክማ ያንን መልስ ለአባቷ አላነበበችለትም።

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሸዋገነት የምትባል ሴት ወደ ሱቁ መጣች። ድብ ባሕር በሚባል ገጠር የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች እርጉዞችን የምትከታተለው እሷ ነች። ወንዝ ስትሻገር ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆባታል።

"አያ አብዱልጀሊል፣ ስልኩ አይደለም የሚያሳስበኝ" አለች። "ውስጡ የዘጠኝ እርጉዝ ሴቶች ስልክ አለ። የራሳቸው የሌላቸውም አሉ፤ የባላቸውን፣ የጎረቤታቸውን ነው የያዝኩት። ምጥ ሲመጣ የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ ድምፃቸው ሲጠፋም የምደውለው እኔ ነኝ።"

ሒክማ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰማች። የዚያን ዕለት ስልኩን ፈታች፣ አጠበች፣ አደረቀች፤ አልነሳም አለ። ሦስት ቀን ለፍታበት ሲያቅታት ለሲት ነፊሳ ጻፈችላት፤ ውኃ የጎዳውን ቦርድ ፎቶ አንስታም ላከች።

በዚያው ሰሞን ከተማዋ ታወከች። ሰው ሞተ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ መንገድም ተዘጋ። ከዚያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መጀመሪያ ለቀናት መስሏቸው ነበር፤ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ሸዋገነት መንገድ ሲከፈት ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቴም ባዶ እጇን ተመለሰች። ሌላ ስልክ ብትይዝም ቁጥሮቹ ሲም ካርዱ ላይ ስላልነበሩ አላገኘቻቸውም። የቀበሌው ቤቶች የተራራቁ ናቸውና በእግሯ የደረሰችባቸው እንዳሉ ሁሉ ያልደረሰችባቸውም ነበሩ። ሒክማ እሷን በተሰናበተች ቁጥር ያንን ቦርድ አውጥታ ታየዋለች። የምታውቀውን ሁሉ ሞክራለች፤ የማታውቀውን የሚነግራት ደግሞ የለም።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው በአራተኛው ወር ነው። ሒክማ መጀመሪያ የከፈተችው የሲት ነፊሳን ገጽ ነበር። አዲስ ቪዲዮ ጠበቃት። የተጫነው ኢንተርኔቱ በተቋረጠ በሳምንቱ ነው። አባቷን ጠራችው፤ አጠገቧ ተቀመጠ። እጆቹ ታዩ፤ ሂናው ደብዝዟል።

"ይህ ለጎንደሯ ልጄ ነው" አለች ሲት ነፊሳ። "ሒክማ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ብጽፍልሽ አይገባሽም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የራሴን አሮጌ ስልክ ውኃ ውስጥ ከትቼ አበላሽቼዋለሁ። አብረን እንጠግነዋለን።"

ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ አሳየች። ቦርዱን አልኮል ቀቢው፤ በጥቂቱ ኤሌክትሪክ ስጪው፤ አልኮሉ ቀድሞ የሚደርቅበትን ቦታ እዪ፤ በሽታው እዚያ ነው አለች። በመካከሉ እየቆመች ትተነፍስ ነበር። ሒክማ ይህን ልብ ያለችው በሁለተኛው እይታ ነው።

ከቪዲዮው ሥር ሲት ነፊሳ ራሷ የጻፈቻቸው አጫጭር መልእክቶች ነበሩ። አብዱልጀሊል አነበበላት። ልጄ፣ አየሽው ወይ ይላል አንዱ። በአገራችሁ ሰላም የለም ሲሉ ሰማን፣ ደህና ነኝ በይኝ ይላል ሌላው። ሦስተኛው አሞኝ ነበር፣ ዱዓ አድርጊልኝ ይላል። ከዚያ በታች የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ቀጠለ። አብዱልጀሊል ማንበቡን አቆመ።

"ምነው አባ?"

መነጽሩን አወለቀ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ በቀስታ። "ከሞተች ሃያ ቀን አልፏታል፣ ልጄ።"

ሒክማ አላለቀሰችም። ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈተችና የሸዋገነትን ቦርድ አወጣች። አልኮሉን ቀባች፤ በጥቂቱም ኤሌክትሪክ ሰጠችው። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ከምታህል ነገር ላይ አልኮሉ ቀድሞ ደረቀ። ያቺን የተቃጠለች ዕቃ በመበየጃ አነሳች፤ ስልኩ በራ። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ዙበይዳ ነገሩን ስትሰማ ፊቷን አይታ ለማታውቃት ሴት ሰደቃ ይወጣል ወይ ብላ አልጠየቀችም። ዱቄቷን አቦካች፤ ጎረቤት ጠራች። ጁምዓ ዕለት ቤቱ ሞላ፤ ያሲን ተቀራ፤ ዱዓ ተደረገ። ሰዎቹ ማን እንደሞተባቸው ሲጠይቁ አብዱልጀሊል የሒክማ ኡስታዛ፣ አስተማሪዋ፣ ናት ብሎ መለሰ። የት እንዳስተማረቻት ለጠየቁትም ሳያፍር ነገራቸው።

በማግስቱ ገጹ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ደወለ። የለቅሶ ቤት ቢርቅም ሳይደርሱ መቅረት ነውር ነው ብሎ ያምናል። ስልኩን ያነሳው ዑስማን የሚባል ወንድሟ ነበር። አብዱልጀሊል በሱዳኖች ደንብ አጽናናው፤ ፋቲሓ ቀራለት። ሰውዬው ድሮ የሚያውቀው ነጋዴ መስሎት ከየት እንደሚደውል ጠየቀው።

"ከጎንደር።"

"ነፊሳ ጎንደርን ረግጣ አታውቅም።"

"አውቃለሁ። ልጄን ግን ሁለት ዓመት ተኩል አስተምራታለች። ዛሬ እዚህ የሚሠራ ስልክ ሁሉ በእሷ ዕውቀት ነው የሚሠራው።"

ፊትሽን እንዳታሳዪ ያልኳት እኔ ነኝ አለ ዑስማን። ከቪዲዮዎቿ አንዱንም አይቶ አያውቅም፤ የጊዜ ማሳለፊያ ይመስለው ነበር።

ሒክማ አጠገቡ ቆማ ነበር። አባቷ ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

"እኔም ልጄን ከመጋረጃ ኋላ ነው ያስቀመጥኳት" አለው። "አንተን ልወቅስህ አልችልም።"

በሳምንቱ አናጢ መጣና የሒክማን ጠረጴዛ ከመጋረጃው ኋላ አውጥቶ ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ገጠመው። አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። አንድ የቆየ ደንበኛ ጨርቅ መግዛቱን ተወ፤ አብዱልጀሊል ሊለምነው አልሄደም።

ሸዋገነት ስልኳን ለመውሰድ መጣች። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ስሞቹን አንድ በአንድ አየች። ሴቶቹ ሁሉ የመውለጃ ቀናቸው አልፏል። በእግሯ ሳትደርስባት የቀረች የአንዷ ስም ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ አጠፋችው። ስትነሳ አንድ ነገር አለች።

"የእኛ አገር ሴቶች ዐረብኛ አያውቁም። ይህን በእኛ ቋንቋ የሚያስተምር ቢኖር፣ እኔም ራሴ በሞከርኩት ነበር።"

ይህ ቃል ሒክማን እንቅልፍ ነሳት። በመጨረሻ በአማርኛ ልትቀርጽ ቆረጠች። ሲት ነፊሳ ያሳየቻትን ያንኑ ውኃ የገባበትን ስልክ አጠጋገን መረጠች። ካሜራውን ስታስተካክል አባቷ አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት። ደረሳ ተምሮ ኪታቡን፣ የሃይማኖት መጽሐፉን፣ ለሌላ ሲያስተምር ከማን እንደቀራው አስቀድሞ ይናገራል፣ አላት፤ አንቺም ዕውቀቱን ከማን እንደወሰድሽ ሳትናገሪ እንዳትጀምሪ።

ሁለት ጊዜ ጀምራ የሲት ነፊሳ ስም ላይ ስትደርስ ካሜራውን አጠፋችው። በሦስተኛው ፊቷን ቀና አድርጋ፣ "ይህን ያስተማረችኝ የገዳሪፏ ሲት ነፊሳ ናት፤ አላህ ይዘንላት" አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ያዩት ሰዎች ሠላሳ አይሞሉም ነበር። ሸዋገነት አንዷ ናት። አንዲት ከአይከል የጻፈች ልጅ መበየጃው የት እንደሚገኝ ጠየቀች። ከእነሱ ሥር በዐረብኛ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር። የጻፈው ዑስማን ነው። ሒክማ አባቷን ሳትጠብቅ በራሷ አነበበችው።

"ቋንቋችሁን አላውቅም" ይላል። "ስሟን ግን ሰማሁት።"

ሒክማ ብዙ አሰበችና ስለ ነፊሳ የምታውቀውን ሁሉ፣ አሮጌ ስልኳን ውኃ ውስጥ መክተቷን ሳይቀር፣ ትጽፍለት ጀመር። የዐረብኛ ጽሕፈቷ ቀርፋፋ ስለነበር ስትጨርስ ዐስር ተሰግዶ ነበር።